የኦክስጅን ማሽን ይላክ ወይስ ደም ይሰጥ? ለካንሰርና ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚቀርቡ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ነገሩን ያስጀመረው የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ የላከው ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ነው። ደብረ ብርሃን የሚኖሩት አክስታችን እቴቴ ጣት ላይ ሲደረግ 93 አለ። እሱ የራሱን ሲለካ 98 ነው የሚያነበው። እቴቴ የማህፀን በር ካንሰር ተገኝቶባቸው አዲስ አበባ የጨረር ሕክምና ተራ እየጠበቁ ነበር። በዚያው ግቢ ታናሽ እህታቸው እትዬ ይኖራሉ፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሕመም፣ ጣታቸውንና ጉልበታቸውን ማሳበጥ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። የአጎቴ ልጅ ሲያነብ አድሮ ሁለቱን በሽታዎች የሚያገናኝ አንድ ነገር አገኘ፤ በካንሰር እጢ ውስጥም ባበጠ መገጣጠሚያ ውስጥም ኦክስጅን ያንሳል። ማለዳ ደወለ። «ቤት ውስጥ ኦክስጅን የሚሰጠውን ማሽን ገዝቼ ልላክ፣ ሁለቱም ይጠቀሙበታል» አለ።

ያነበበው ልክ ነው። ከዚያ ተነስቶ የደረሰበት ነው ልክ ያልሆነው። ለእሱ የጻፍኩትን መልስ አስፋፍቼ እዚህ አቀርበዋለሁ፤ ያንኑ ጥያቄ የሚጠይቅ ቤተሰብ ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ። ማንኛውንም ምርጫ ከመወሰን በፊት ከሚያክመው ሐኪም ጋር መነጋገር ግድ ነው፤ እኔ የማቀርበው ይዛችሁ የምትገቡትን ጥያቄ ነው።

ግድቡ ሞልቶ ቧንቧው ሲደርቅ

ለገዳዲ ግድብ ሞልቶ እየፈሰሰ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ውሃ ሊያጣ ይችላል። ፓምፑ ደክሞ፣ ቧንቧው ተሰብሮ ወይም ጎረቤት ውሃውን ቀድሞ ስቦት ይሆናል። ግድቡ ላይ ውሃ መጨመር ለዚያ ቤት ምንም አይፈይድለትም። ኦክስጅንም እንዲሁ ነው። ከአየር ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ስር ወደ ህዋስ ሲሄድ የሚቋረጥበት ቦታ ይለያያል፤ እያንዳንዱ ሕክምና ደግሞ የሚጠግነው አንዱን ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዋጋውም ከማስታወቂያውም በፊት የሚጠየቀው «የተቋረጠው የት ላይ ነው?» የሚለው ነው።

የጣት መለኪያው የሚናገረው ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ፕሮቲን) ከመቶ ምን ያህሉ ኦክስጅን ጭኖ እንደሚሄድ ነው፤ ይህ ሙሌት ይባላል። ሄሞግሎቢኑ ራሱ ብዙ ይሁን ጥቂት አይናገርም። እጢው ወይም መገጣጠሚያው ውስጥ ምን እንደደረሰም አያውቅም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ 93 የሚል ቁጥር ጤነኛ ሰው ላይም የሚታይ ነው። የአጎቴን ልጅ ያስደነገጠው ቁጥር ከተራራው የመጣ ነበር።

የሚያስደነግጠው ሌላ ወረቀት ላይ ነበር፤ የእቴቴ ሄሞግሎቢን በ100 ሚሊ ሊትር ደም 7.5 ግራም። እጢው ለወራት ሲያደማቸው ቆይቷል። ይህን በከፍታ ማሳበብ አይቻልም። ከፍ ያለ ቦታ ሄሞግሎቢንን ቢጨምር እንጂ አይቀንስም። የኢትዮጵያ ደገኞች ሳይንቲስቶችን ያስገረሙትም እዚሁ ላይ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት 3,530 ሜትር ላይ በሰሜን አማራ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ሄሞግሎቢናቸው ዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አገኘ፤ ወንዶቹ በአማካይ 15.9፣ ሴቶቹ 15.0። አንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩት ግን ደማቸው ይወፍራል።

ማሽን ወይስ ደም፦ ሂሳቡ

አንድ ግራም ሄሞግሎቢን ሲሞላ 1.34 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይሸከማል። እቴቴ በ7.5 ሄሞግሎቢንና በ93 በመቶ ሙሌት በ100 ሚሊ ሊትር ደማቸው ውስጥ 9.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይይዛሉ። ጤነኛ ሴት 17 አካባቢ ትይዛለች። የቤት ማሽኑ አፍንጫቸው ላይ ቢሰካ ሙሌቱ ወደ 100 ይጠጋል፣ ትንሽም በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል፤ ተደምሮ የሚያስገኘው ጭማሪ 1 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። እሱም ቱቦው አፍንጫ ላይ እስካለና መብራት እስካልሄደ ድረስ። ሁለት ከረጢት ደም ግን ሄሞግሎቢናቸውን ወደ 9.5 ቢያደርሰው ኦክስጅኑ ወደ 12 ይጠጋል፤ ሳምንታትም ይቆያል።

ስለዚህ የማሽኑ ቦታ ሳንባ የታመመበት ሰው ዘንድ ነው። ስክሌሮደርማ (ቆዳንና የውስጥ አካልን የሚያጠነክር ሕመም) ወይም ሩማቶይድ ሳንባውን አጠንክሮበት ሙሌቱ 85 የሆነ ሰው ከማሽኑ በእርግጥ ይጠቀማል። ሳንባው ደህና ሆኖ ደሙ ያነሰ ሰው ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውለው ይሻላል።

ደም መስጠት ለእቴቴ ለምን ከሌላው ሁሉ እንደቀደመ ለመረዳት ጨረር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ጨረር የህዋሱን ዲኤንኤ ይሰብራል፤ ኦክስጅን ስብራቱን እንዳይጠገን አድርጎ ያጸናዋል። ኦክስጅን በሌለበት ያንኑ ጉዳት ለማድረስ ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ ጨረር ይፈልጋል። እንግሊዛውያኑ ቶምሊንሰንና ግሬይ በ1955 የሳንባ ካንሰር ናሙናዎችን በማይክሮስኮፕ አይተው ከደም ስር 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ከራቀ በኋላ ህዋሱ እንደሚሞት አስተዋሉ። ከሞተውና ከሕያው መካከል፣ በጭንቅ እየተነፈሰ የሚኖር ጠባብ ቀለበት አለ። ጨረር የሚያመልጠው ያ ቀለበት ነው። ጤነኛ የማህፀን በር ውስጥ የኦክስጅን ግፊት 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ሲሆን ካንሰር በያዘው ብዙ ጊዜ 10 እና ከዚያ በታች ነው።

ደም ማነስ ያለባቸው የማህፀን በር ካንሰር ታካሚዎች በጨረር የሚያገኙት ውጤት እንደሚከፋ በብዙ ጥናት ታይቷል። ደም መስጠቱ ብቻውን ያንን ልዩነት ምን ያህል እንደሚሞላው ግን ሐኪሞች ዛሬም ይከራከራሉ። ብዙ የጨረር ማዕከላት ሄሞግሎቢን 10 እና ከዚያ በላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ይህን ያህል ይበቃኛል፤ የሚደማን ሰው በ7.5 ጨረር ማስጀመር ከጅምሩ ተሸንፎ መግባት ነው።

«ደም ፍለጋ ሰው ከምናስቸግር ደም የሚያበዛውን መርፌ ብንገዛስ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ኤሪትሮፖይቲን ማለቱ ነው። ሐሳቡ ያምራል፣ ሄሞግሎቢንንም በእርግጥ ይጨምራል። በ2003 የታተመ የጀርመን ሙከራ ግን ጨረር ለሚወስዱ የራስና የአንገት ካንሰር ታካሚዎች መርፌው ሲሰጥ በሽታው ይበልጥ ተመልሶ እንደመጣ አሳየ። በ2007 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በመድኃኒቱ ላይ ጠንካራውን የጥቁር ሳጥን ማስጠንቀቂያ ጨመረ። ለመዳን ጨረር የሚወስድ ሰው ላይ በደምና በመርፌ መካከል ማመንታት አያስፈልግም፤ ደሙ ይሻላል። መርፌው ለኩላሊት ሕመምተኞች የተባረከ መድኃኒት ነው፤ ሁሉም ነገር ቦታ አለው።

አንዱ ማብሪያ፣ ሁለት ጸባይ

እስካሁን የእቴቴን ነገር ነው ያየነው። እትዬ ጋ ስንመጣ ታሪኩ ይገለበጣል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝም ይህ ነው።

ህዋስ ኦክስጅን ሲያጣ የሚበራ ማብሪያ አለ፤ ሂፍ የሚባል ፕሮቲን ነው። ኦክስጅን ሲኖር ሂፍ እንደተሠራ ወዲያው ምልክት ተደርጎበት ይወገዳል። ኦክስጅን ሲጠፋ ምልክቱ አይደረግም፣ ሂፍ ይከማቻል፣ በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖችን ያስነሳል። አዲስ የደም ስር ይብቀል፣ ስኳር በብዛት ይቃጠል፣ ቀይ ደም ይመረት ይላል። ይህን የፈቱት ግሬግ ሴመንዛ፣ ፒተር ራትክሊፍና ዊልያም ኬሊን በ2019 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

ካንሰር እጢ ውስጥ ይህ ማብሪያ የሰውነት ዘበኞችን ያደነዝዛል። በጠባቡ ቀለበት አካባቢ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይከማቻል፤ ሊገድሉ የመጡት የመከላከያ ህዋሳት እዚያ ሲደርሱ እጃቸው ይዝላል። ባበጠ መገጣጠሚያ ውስጥ ደግሞ ያው የኦክስጅን እጥረት ጠብ ያባብሳል። ሂፍ ቲኤች 17 የሚባሉትን ተንኳሽ ህዋሳት ያበረታል፣ ገላጋዮቹን ያሳንሳል፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን እንዲወፍርና አጥንቱን እንዲበላ ያግዛል። እዚያ ዘበኛ ያስተኛል፣ እዚህ ዘበኛ ያሰክራል።

የመገጣጠሚያው ኦክስጅን ለምን አነሰ ቢባል ሳንባውም ሄሞግሎቢኑም አይደሉም ዋናዎቹ ተጠያቂዎች። የበዙት ህዋሳት ከሚደርሳቸው በላይ ይበላሉ፣ የበቀሉት የደም ስሮች የተዝረከረኩ ናቸው፣ ውሃ የቋጠረ ጉልበት ሲታጠፍ ደግሞ በውስጡ ያለው ግፊት ጥቃቅኖቹን ስሮች ይጫናል። ጎረቤት ውሃውን ቀድሞ የሳበበት ቤት ማለት ይህ ነው። የደብሊን ተመራማሪዎች ቀጭን መለኪያ መገጣጠሚያ ውስጥ አስገብተው ሲለኩ ብግነቱ በበረታ ቁጥር ኦክስጅኑ ዝቅ ይላል፤ ቲኤንኤፍ የተባለውን ብግነት አቀጣጣይ ፕሮቲን የሚገቱ መርፌዎች በሠሩላቸው ታካሚዎች ላይ ደግሞ ኦክስጅኑ መልሶ ከፍ ብሏል። ማንም ኦክስጅን ሳይሰጣቸው።

ስለዚህ ለእትዬ «የኦክስጅን ሕክምናው» ሜቶትሬክሴት ነው። ርካሽ፣ የቆየ፣ ስሙ የማይስብ እንክብል። እዚህ ላይ በሁለት መስመር የማልፈው ነገር አይደለም፦ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር። በየቀኑ የዋጡ ሰዎች መቅኒያቸው ደርቆ ሞተዋል። ቀኑን በካሌንደር ላይ ክበቡት፤ እኛ ቤት ሐሙስ ነው። እርጉዝ ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትወስደውም፤ የጉበትና የደም ምርመራም በየጊዜው ያስፈልጋል። እንደ ቲኤንኤፍ ገቺዎቹ ያሉ ውድ የሆኑት ባዮሎጂክ መርፌዎች የሚመጡት ይህ ካልበቃ በኋላ ነው።

ብዙ ቤት የማየው ስህተት ሌላ ነው። ለዓመታት ዲክሎፌናክ ብቻ እየዋጡ መቀመጥ። ሕመሙን ያስታግሳል፣ መገጣጠሚያው መበላቱን ግን አያቆምም፤ ጨጓራ አድምቶም የደም ማነስ ያመጣል። የሩማቶይድ ደም ማነስ ራሱ ብግነቱ ያመጣው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የብረት እንክብል ብቻውን አያነሳውም።

የግፊት ክፍሉ፣ ሃይፐርባሪክ

ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ከቤት ማሽን ቀጥሎ የሚያነሳው ይህን ነው። ሰውዬው በሚዘጋ ክፍል ውስጥ ሆኖ ከተለመደው ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ በሚሆን ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይተነፍሳል። ከማሽኑ በተለየ እዚህ በደሙ ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በእርግጥ ብዙ ነው። የሕክምናውን እውነተኛ ቦታ እናክብርለት፦ በከሰል ጭስ መመረዝ፣ የጠላቂዎች ሕመም፣ አንዳንድ የማይድኑ የስኳር ሕመም የእግር ቁስሎች፣ እንዲሁም ጨረር ከወሰዱ ከወራትና ከዓመታት በኋላ የሚመጣ የፊኛ መድማት።

የመጨረሻውን ልብ በሉ። እቴቴ ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ ከጨረሩ የተነሳ ሽንታቸው ደም ቢቀላቅል ያኔ ይህ ክፍል ጥሩ ጥያቄ ይሆናል። ካንሰሩን ለማዳን ግን አይደለም። ለንደን ውስጥ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ታካሚን በግፊት ክፍል አስገብቶ ጨረር መስጠት ተሞክሯል፤ የተወሰነ ጥቅም ታይቷል፣ ጉዳቱም አብሮ ጨመረ፣ አሠራሩም አስቸጋሪ ስለነበር ተተወ። ክፍሉን ብቻውን እንደ ካንሰር መድኃኒት የሚሸጥ ካለ ከደጁ ተመለሱ። በ2013 የአሜሪካው ባለሥልጣን ካንሰርን እንደማያድን ለሕዝብ አስጠንቅቋል።

መከላከያው የራሱን አካል ለሚያጠቃባቸው፣ አውቶኢሚዩን ለሚባሉት ሕመሞችስ? በ1980ዎቹ ለነርቭ ሕመሙ ለመልቲፕል ስክሌሮሲስ ብዙ ተወራለት፤ በሥርዓት ሲፈተን የሚጨበጥ ጥቅም አልተገኘም። ለከባድ አልሰራቲቭ ኮላይቲስ (የትልቁ አንጀት ቁስለት) ትናንሽ ጥናቶች ተስፋ አሳይተዋል፣ ገና ነው። ለሩማቶይድ ገንዘቤን አላወጣበትም። የጆሮ ታምቡር ጉዳት፣ የዓይን ለጊዜው መደብዘዝ፣ አልፎ አልፎም የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ ከጉዳቶቹ መካከል ናቸው፤ በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል አየር ተቋጥሮበት ያልታከመ ሰው በጭራሽ አይገባም።

ከደም ስር ጋር የተያያዘውን ስክሌሮደርማን ለይቼ ላንሳ። ጣቶች በብርድ የሚነጡበትና ጫፋቸው የሚቆስልበት ሕመም ነው፤ እዚህ የተዘጋው በእርግጥ ቧንቧው ነው። የደም ስር የሚያሰፋ እንደ ኒፌዲፒን ያለ መድኃኒት፣ ጓንትና ሙቀት ከየትኛውም ክፍል ይቀድማሉ።

ኦዞን፣ ፐርኦክሳይድና «የኦክስጅን ውሃ»

እነዚህም ኦክስጅን ይጨምራሉ፣ ካንሰር ያድናሉ ተብለው ይወራላቸዋል፤ መልሱ አጭር ነው። «ካንሰር ኦክስጅን ባለበት አይኖርም፣ ለዚህ ኖቤል ተሸልመዋል» የሚለው ወሬ ምንጩ ኦቶ ዋርበርግ ነው። የ1931 ሽልማቱን ያገኘው ህዋስ የሚተነፍስበትን ኤንዛይም በማጥናቱ ነው እንጂ የካንሰርን መድኃኒት በማግኘቱ አይደለም። እሱ ያየው የካንሰር ህዋስ ኦክስጅን እያለም ስኳርን ማብላላት እንደሚመርጥ ነበር፤ ከወሬው ጋር ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ደግሞስ ሳንባን ያህል ኦክስጅን የሚያገኝ አካል የት አለ? ሳንባ ካንሰር ይይዘዋል።

ኦዞን የሚመርዝ ጋዝ ነው። 35 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የጠጡ ሰዎች ደም ስራቸው በአየር አረፋ ተዘግቶ ሞተዋል። ኦክስጅን ተጨመረበት የሚባለው ውሃ አይገድልም፤ አንድ ሊትሩ ግን ከአንድ ትንፋሽ የበለጠ ኦክስጅን አይሰጥም፣ ያም ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው።

ማብሪያውን የሚነኩ መድኃኒቶች

እጥረቱን ከመሙላት ይልቅ ማብሪያውን ማጥፋት የሚል ሌላ መንገድ አለ። ቤልዙቲፋን ከሂፍ ዓይነቶች አንዱን ይይዛል፤ በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ቪኤችኤል በሚባለው የዘር በሽታ ለሚመጡ እጢዎች፣ በ2023 ማብቂያ ደግሞ ለተስፋፋ የኩላሊት ካንሰር ተፈቅዷል። የሚገርመው የጎን ጉዳቱ ነው፤ የደም ማነስና የኦክስጅን መቀነስ ያመጣል። ማብሪያው ደም እንዲመረት የሚያዝ ነበርና። ለእቴቴ ዓይነት ካንሰር ግን አይደለም፤ ዜናውን አይቶ ለሁሉም ካንሰር መመኘት ትርፉ ድካም ነው። በተቃራኒው ማብሪያውን የሚያበሩ እንደ ዳፕሮዱስታት ያሉ ለኩላሊት ሕመምተኞች ደም ማነስ የሚሰጡ እንክብሎች አሉ፤ ካንሰር ያለበት ሰው እነዚህን ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ኦክስጅን ያጣውን ህዋስ ብቻ ለይቶ ይመታል የተባለው ቲራፓዛሚን በመጨረሻው ደረጃ ሙከራ ጥቅም አላሳየም። ዴንማርኮች ለራስና ለአንገት ካንሰር ጨረር ኒሞራዞል፣ ማለትም ኦክስጅን ያጣውን ህዋስ ለጨረር የሚያጋልጥ መድኃኒት፣ ይጨምራሉ፤ ከእነሱ አገር ውጭ ብዙም አልተስፋፋም።

ለሁለቱም የሚሠራው፣ ገንዘብ የማይጠይቀው

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሲጋራም፣ ሺሻም፣ በደንብ ያልነደደ ከሰልም ይህንኑ ያመጣሉ። በጨረር ወቅት ማጨስ የቀጠሉ የራስና የአንገት ካንሰር ታካሚዎች ውጤታቸው ይከፋል፤ ለሩማቶይድም ማጨስ ከታወቁት አምጪዎች ዋነኛው ነው፣ መድኃኒቱም እንዳይሠራ ያደርጋል። እቴቴና እትዬ አያጨሱም። ግን ክረምት ሲገባ ደብረ ብርሃን ምድጃው ቤት ውስጥ ይገባል፣ በሩም ይዘጋል። የጣት መለኪያው ይህን መርዝ ኦክስጅን አድርጎ ስለሚቆጥረው 93 እንዳለ ይቀራል።

እና ሌላው፣ ማንም በፎቶ የማይለጥፈው፦ የማህፀን በር ካንሰር ጨረር ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው፣ የውስጥ ጨረሩን ጨምሮ፣ በ8 ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ይመከራል። ከዚያ ሲጓተት እጢው የመዳን ዕድሉን ይቀማል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማደሪያ የሌለው ሰው በሦስተኛው ሳምንት መመላለሱ ይሰለቸዋል፣ ይቀራል።

ለአጎቴ ልጅ የማሽኑን ዋጋ በሁለት ከፍዬ ጻፍኩለት። አንዱ ክፍል ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስበት የሁለት ወር ክፍል ኪራይ። ሌላው የእትዬ የዓመት ሜቶትሬክሴት፣ ፎሊክ አሲድና የደም ምርመራ። ደሙን በብር አልጻፍኩትም፤ ሁለቱ ወንድሞቹና እኔ ቅዳሜ ጠዋት ደም ባንክ ሄደን ሰጠን። እሱ ለጊዜው ዝም አለ፣ ከዚያ «ምድጃውንስ ምን አደረጋችሁት?» ብሎ ጻፈ። በረንዳ ላይ ወጥቷል። እቴቴ ቡናው ይበርድብኛል እያሉ ያጉረመርማሉ።